ከመርፌው በፊት ምርመራው፦ ስለ ቴስቶስትሮን ሕክምና ለሚጠይቁን ቤተሰቦች



የረመዷን ወር በገባ ቁጥር ወደ እኛ ወደ ኢማሞች የሚመጡ ጥያቄዎች ይበዛሉ። አብዛኞቹ የታወቁ ናቸው። የስኳር ሕመምተኛ መጾም ይችላል ወይ? የዓይን ጠብታ ጾም ያፈርሳል ወይ? ነፍሰ ጡር እንዴት ታድርግ? ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ግን ከተራዊሕ በኋላ ሰው ሁሉ ከወጣ ወዲያ ድምፅ ዝቅ ተደርጎ የሚቀርብልን ሌላ ጥያቄ ተጨምሯል። «የወንድ ሆርሞን መርፌ ታዞልኛል፤ እየጾምኩ መወጋት እችላለሁ?» የሚል ነው።

የፊቅሁ መልስ አጭር ነው፤ ወደ ታች እናመጣዋለን። ነገር ግን ጠያቂውን መልሰን «ከመርፌው በፊት ደምህን ተመርምረሃል? ስንት ጊዜ? በስንት ሰዓት?» ስንለው መልሱ ብዙ ጊዜ ያሳስበናል። አንዱ «ይደክመኛል ብዬ ስነግራቸው ሰጡኝ» ይላል። ሌላው «ከሰዓት በኋላ አንድ ጊዜ ተመርምሬ ዝቅ ብሏል አሉኝ» ይላል። ሦስተኛው ከነጭራሹ ሐኪም ዘንድ ሳይሄድ የጓደኛውን መድኃኒት የተጋራ ነው። በዚህ ምክንያት ጉዳዩን ባልና ሚስት አብረው ሊያነቡት በሚችሉበት በዚህ ገጽ ለማንሳት ወደድን። መድኃኒት ማዘዝ የሐኪም ሥራ ነው። ትክክለኛውን ጥያቄ ይዞ ሐኪም ፊት መቅረብ ግን የታማሚው ድርሻ ነው።

ሆርሞኑ ምንድን ነው?

ቴስቶስትሮን በዋናነት በወንዱ የዘር ፍሬ ውስጥ የሚመረት ሆርሞን ነው። ጢምን፣ የድምፅን ጎርናናነት፣ የጡንቻንና የአጥንትን ጥንካሬ፣ የቀይ ደም ሴሎችን ብዛት፣ ለትዳር ያለንን ፍላጎትም ይደግፋል። የዘር ፍሬው ግን በራሱ ፈቃድ አይሠራም። በአንጎል ሥር የምትገኝ ፒቱታሪ የምትባል ትንሽ ዕጢ ኤልኤች እና ኤፍኤስኤች የተባሉ ሁለት መልእክተኞችን ትልካለች። የመጀመሪያው «ቴስቶስትሮን አምርት» ይላል፤ ሁለተኛው የወንድ ዘር እንዲዘጋጅ ያግዛል። በደም ውስጥ ያለው ቴስቶስትሮን ሲበቃ ፒቱታሪዋ መልእክቷን ትቀንሳለች፤ ሲያንስ ትጨምራለች። ይህን ቅብብሎሽ አንባቢ ልብ ይበልልን፤ በኋላ ስለ ልጅ መውለድ የምናነሳው ጉዳይ ሁሉ የተንጠለጠለው እዚህ ላይ ነው።

ሆርሞኑ ተለይቶ የታወቀውም በቤተ ሙከራ የተሠራውም እ.ኤ.አ. በ1935 ነው። ስለዚህ መድኃኒቱ አዲስ አይደለም፤ አዲስ የሆነው ያለ ምርመራ መብዛቱ ነው። የአሜሪካ የዩሮሎጂ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው መመሪያ በዚያ አገር ቴስቶስትሮን ከሚወስዱ ወንዶች እስከ 25 በመቶ የሚሆኑት ከመጀመራቸው በፊት የሆርሞናቸው መጠን እንዳልተለካ፣ ወደ ግማሽ የሚጠጉት ደግሞ ከጀመሩ በኋላ መጠኑ ክትትል እንደማይደረግበት ጽፏል። በአሜሪካ የሚኖሩ ወንድሞቻችንም የሚታከሙት እዚያው ነውና ይህ ይመለከታቸዋል።

ድካም ብቻውን ማስረጃ አይሆንም

በዲናችን ዳኛ ያለ ማስረጃ አይፈርድም። ሕክምናም እንዲሁ ነው። ድካም፣ የስሜት መቀዝቀዝ፣ የፍላጎት መቀነስ፣ የጡንቻ መሟሸሽ፣ የሆድ መጨመር የቴስቶስትሮን ማነስ ምልክቶች ሊሆኑ ይችላሉ። ግን የስኳር በሽታም ያደክማል፤ የታይሮይድ ዕጢ መዛባትም ያደክማል፤ የደም ማነስ፣ ጭንቀት፣ ድብርት፣ በእንቅልፍ ወቅት የትንፋሽ መቆራረጥ፣ አንዳንድ የደም ግፊትና የአእምሮ ሕመም መድኃኒቶችም እንዲሁ። ስኳሩ ተደብቆ ሳለ ሆርሞን የተሰጠው ሰው፣ ጣሪያው እያፈሰሰ ወለሉን እንደሚወለውል ሰው ነው።

በተቃራኒውም ምልክት የሌለበት ሰው ቁጥሩ ትንሽ ዝቅ ስላለ ብቻ መድኃኒት አይጀምርም። ዕድሜ ሲገፋ ቴስቶስትሮን በዓመት ወደ 1 በመቶ ገደማ እየቀነሰ መሄዱ የታወቀ ነው። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው ማሳሰቢያ እነዚህ መድኃኒቶች የተፈቀዱት በዘር ፍሬ፣ በፒቱታሪ ወይም በአንጎል ችግር ሆርሞናቸው ላነሰ ወንዶች እንጂ በእርጅና ብቻ ለቀነሰባቸው እንዳልሆነ ገልጿል። ስለዚህ ሁለቱ መገናኘት አለባቸው፤ በሰውየው ላይ የሚታይ ምልክት እና በደሙ ላይ በአግባቡ የተገኘ ዝቅተኛ ቁጥር።

ሁለት ጠዋት፣ እንደ ሁለት ምስክር

ቴስቶስትሮን ቀኑን ሙሉ እኩል አይሆንም። ሌሊት በእንቅልፍ ይጨምራል፤ ጠዋት ከፍ ይላል፤ ወደ ከሰዓት በኋላ ይወርዳል። በዚህ ምክንያት ደሙ የሚቀዳው በማለዳ፣ ከጠዋቱ 1 እስከ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ፣ በባዶ ሆድ ነው። ምግብ፣ በተለይም ጣፋጭ ነገር፣ ቁጥሩን ያወርደዋል። የስኳር መመርመሪያ የሆነውን 75 ግራም ግሉኮስ በጠጡ ወንዶች ላይ ቴስቶስትሮን በአማካይ በሩብ ያህል ሲወርድ ታይቷል። ሻይ በስኳር ጠጥቶ፣ ብስኩት ቀምሶ፣ ከቀትር በኋላ የተመረመረ ሰው ጤነኛ ሆኖ ሳለ ወረቀቱ ታማሚ ሊያደርገው ይችላል።

የመጀመሪያው ውጤት ዝቅ ካለ በሌላ ቀን፣ በዚያው ሰዓት፣ በዚያው ሁኔታ ይደገማል። አንድ ምስክር አይበቃምና። ሰውየው ትኩሳት ይዞት ወይም ሆስፒታል ተኝቶ ከሆነ ምርመራው እስኪያገግም ይቆያል፤ ከባድ ሕመም በራሱ ቴስቶስትሮንን ያወርዳል። ለፀጉርና ለጥፍር ተብሎ የሚሸጠውን ባዮቲን የሚባል ቫይታሚን የሚወስድ ሰውም ለሐኪሙና ለላቦራቶሪው ይንገር፤ በአንዳንድ መሣሪያዎች ላይ ውጤቱን ያዛባል።

ረመዷን እዚህ ላይ የራሱ ጣጣ አለው። «እየጾምኩ ስለሆነ ባዶ ሆድ ነኝ፤ ዛሬውኑ ልመርመር» የሚል ሰው ያጋጥመናል። ነገሩ እንደዚያ አይደለም። ሱሑርን በደንብ በልቶ ከንጋቱ በፊት የጨረሰ ሰው ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ ከምግብ ከተለየ ገና አራት ወይም አምስት ሰዓቱ ነው። ከአስር ሰዓት በኋላ ለዐስር ሶላት ሲወጣ ቢመረመር ደግሞ ሆዱ ባዶ ቢሆንም የቀኑ ሰዓት አልፏል። ከዚህ በላይ እንቅልፍ አለ፤ ከተራዊሕ በኋላ አምሽቶ ለሱሑር የሚነሳ ሰው እንቅልፉ ተቆራርጧል። ጤናማ ወጣቶች ለአንድ ሳምንት በሌሊት 5 ሰዓት ብቻ እንዲተኙ በተደረገበት ጥናት የቀን ቴስቶስትሮናቸው ከ10 እስከ 15 በመቶ ቀንሷል። በባሕረ ሰላጤው አገሮች የሚሠሩ ወገኖቻችን ብዙዎቹ በዚህ ወር ሌሊቱን ቀን፣ ቀኑን ሌሊት ስለሚያደርጉት ጉዳዩ ለእነርሱ ይበልጥ ይብሳል።

ስለዚህ ሐኪሙ አስቸኳይ ነው ካላለ፣ «አለብኝ ወይስ የለብኝም?» የሚለውን የሚወስነው የመጀመሪያ ምርመራ ከረመዷን በፊት ወይም ከዒድ በኋላ እንቅልፍና አመጋገብ ሲስተካከል ቢደረግ ይሻላል። ለዓመታት የቆየ ድካም ጥቂት ሳምንታት ቢጠብቅ አይጎዳም፤ በተሳሳተ ወረቀት የተጀመረ ሕክምና ግን ዓመታት ሊያስከትል ይችላል። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይባል የለ።

ወረቀቱን እንዴት እናንብበው?

የውጤት ወረቀት ሲመጣ መጀመሪያ የሚታየው ቁጥሩ ሳይሆን መለኪያው ነው። አንዳንድ ላቦራቶሪ በናኖግራም በዴሲሊትር፣ ሌላው በናኖግራም በሚሊሊትር፣ ሌላው ደግሞ በናኖሞል በሊትር ይጽፋል። የአንዱ 400፣ የሁለተኛው 4፣ የሦስተኛው 14 አንድ ዓይነት መጠን ሊሆኑ ይችላሉ። በአሜሪካ ያለ ወንድሙ «የእኔ 400 ነው» ሲለው እዚህ ያለው «የእኔ 14 ብቻ ነው፤ አለቀልኝ» ብሎ የሚደነግጠው በከንቱ ነው።

የአሜሪካ የዩሮሎጂ ማኅበር ዝቅተኛ የሚለው ከ300 ናኖግራም በዴሲሊትር በታች ሲሆን ነው፤ ይህም ወደ 10.4 ናኖሞል በሊትር ነው። ውፍረት የሌለባቸው ከ19 እስከ 39 ዓመት የሆኑ ጤናማ ወንዶች ተመርምረው የተገኘው መደበኛ ልክ ደግሞ ከ264 እስከ 916 ነው። የላቦራቶሪው የራሱ ልክ ከወረቀቱ ጎን ተጽፎ ይገኛል፤ ሐኪሙም የሚያመዛዝነው ከእርሱ ጋር ነው።

ሌላም ነገር አለ። በደም ውስጥ ያለው ቴስቶስትሮን አብዛኛው በፕሮቲን ተይዞ የሚጓዝ ነው፤ ነፃ ሆኖ የሚገኘው ከመቶው ጥቂት እጅ ብቻ ነው። አጥብቆ የሚይዘው ፕሮቲን ኤስኤችቢጂ ይባላል። ውፍረትና ሁለተኛው ዓይነት ስኳር ይህን ፕሮቲን ያሳንሱታል፤ ስለዚህ አጠቃላይ ቁጥሩ ዝቅ ብሎ ነፃው ግን በቂ ሊሆን ይችላል። እርጅና፣ የጉበት ሕመም፣ የታይሮይድ መብዛትና ኤችአይቪ ደግሞ ያበዙታል፤ ያን ጊዜ አጠቃላዩ ደህና መስሎ ነፃው ሊያንስ ይችላል። አጠቃላዩ ቁጥር ድንበር ላይ ሲሆን ሐኪሙ ነፃውን ጭምር የሚጠይቀው ለዚህ ነው።

ምርመራው ገንዘብ ስለሚያስወጣ ቤተሰብ ቅደም ተከተሉን ቢያውቅ ይጠቅመዋል። ብዙውን ጊዜ በመጀመሪያ የሚበቃው አጠቃላይ ቴስቶስትሮን ነው። እርሱ ደህና ከሆነ የሆርሞኑ ጥያቄ በአብዛኛው እዚያው ያበቃል። ዝቅ ካለ ነው የተቀሩት ከሁለተኛው ጠዋት ምርመራ ጋር የሚታዘዙት።

ጉድለቱ ከየት ነው?

ማነሱ በሁለት ጠዋት ከተረጋገጠ ቀጣዩ ጥያቄ «ለምን?» የሚል ነው። መልሱን የሚሰጡት እነዚያ ሁለት መልእክተኞች ናቸው። ቴስቶስትሮን አንሶ ኤልኤች እና ኤፍኤስኤች ከፍ ካሉ አዛዡ እየጮኸ ሠራተኛው አልሰማም ማለት ነው፤ ችግሩ ከዘር ፍሬው ነው። በልጅነት ያልወረደ የዘር ፍሬ፣ ከጆሮ ደግፍ በኋላ የመጣ የዘር ፍሬ ብግነት፣ የካንሰር ሕክምና፣ ክላይንፌልተር የሚባለው አብሮ የሚወለድ የክሮሞዞም ለውጥ ከምክንያቶቹ ናቸው።

ቴስቶስትሮን አንሶ መልእክተኞቹም ዝቅ ካሉ ወይም ከፍ ማለት ሲገባቸው ባሉበት ከቀሩ ችግሩ ከላይ ነው። ያን ጊዜ ፕሮላክቲን የተባለው ሆርሞንና የብረት መጠን ይታያሉ፤ እንዳስፈላጊነቱም የፒቱታሪ ዕጢ በኤምአርአይ ይነሳል። ራስ ምታትና የዓይን ብርሃን መጥበብ ያለበት ሰው ከሆነማ ይህ ሊታለፍ የማይገባው ነው፤ ዕጢ ላይ ያደገ እባጭ ሊሆን ይችላልና። ለረጅም ጊዜ የሚወሰዱ እንደ ሞርፊንና ትራማዶል ያሉ ጠንካራ የሕመም ማስታገሻዎችም መልእክቱን ያፍናሉ። ከመጠን ያለፈ ውፍረትም እንዲሁ ያደርጋል፤ ክብደቱን በደንብ የቀነሰ ሰው ቴስቶስትሮኑ ያለ መድኃኒት ከፍ ሊልለት ይችላል። «ምክንያቱን ሳልጠይቅ መርፌውን ስጡኝ» ያለ ሰው እነዚህን ሁሉ ደፍኖ አለፈ ማለት ነው።

ልጅ ለሚፈልግ ቤተሰብ

ከሁሉም በላይ ሊነበብልን የምንፈልገው ይህ ክፍል ነው። ልጅ ዘገየብን ብለው ዱዓ የሚያስደርጉ ባልና ሚስት ብዙ ናቸው። ከእነዚህ መካከል ባልየው «ወንድነቴን ያጠነክርልኛል፤ ልጅም እወልድበታለሁ» ብሎ ቴስቶስትሮን የሚወጋ አለ። የሚሆነው ግን ተቃራኒው ነው።

ቀደም ሲል ያነሳነውን ቅብብሎሽ እናስታውስ። ከውጭ የገባው ሆርሞን ደሙን ሲሞላው ፒቱታሪዋ «በቅቷል» ብላ መልእክቷን ታቆማለች። ኤልኤች እና ኤፍኤስኤች ይወርዳሉ፤ የዘር ፍሬውም ሥራውን ይተዋል፤ የወንዱ ዘር ቁጥር እጅግ ሊያንስ ወይም ጨርሶ ሊጠፋ ይችላል። ነገሩ የታወቀ ከመሆኑ የተነሳ የዓለም ጤና ድርጅት ሳምንታዊ የቴስቶስትሮን መርፌን እንደ ወንድ የወሊድ መከላከያ አድርጎ ሞክሮታል። ካቆሙ በኋላ የሚመለስ ቢሆንም ወራት፣ ለአንዳንዱም ከዓመት በላይ ሊወስድ ይችላል። የሠላሳ ስምንት ዓመት ሚስት ላለችው ሰው ይህ ጊዜ ቀላል ጊዜ አይደለም።

ስለዚህ በቅርብ ልጅ የሚፈልግ ሰው ይህን ለሐኪሙ አስቀድሞ ይናገር፤ የዘር ምርመራም ያድርግ። ጉድለቱ ከላይ ከፒቱታሪ ከሆነ የራሱን የዘር ፍሬ የሚቀሰቅሱ ሌሎች ሕክምናዎች አሉ። ሚስትም ይህን የማወቅ መብት አላት። ልጅ የሁለቱ ጉዳይ ነው፤ በድብቅ በሚወጋ መርፌ ምክንያት እርሷ ለዓመታት ከሐኪም ሐኪም ስትንከራተት፣ ከዘመድም ነገር ስትሰማ መኖሯ በደል ነው። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» የሚለው የአበው ቃል እዚህ ቤት በትክክል ይገባል።

በስፖርት ቤት ጡንቻ ለማሳደግ የሚወጉ ወጣቶችም ያው ወጥመድ ውስጥ ናቸው። ወላጆች የልጃቸው ድንገተኛ መፈርጠም፣ የፊት ብጉር መብዛት፣ ቁጡነት ሲያዩ ሳይቆጡ ቢጠይቁ መልካም ነው። ዛሬ ጤነኛ የሆነው ወጣት ነገ ሲያገባ የሚያስፈልገውን ነው ሳይቸግረው የሚያበድረው።

ከመጀመሩ በፊት፣ ከተጀመረም በኋላ

ሕክምናው ተገቢ ሆኖ ሲገኝ ሌሎች ሁለት የደም ምርመራዎች ይቀድሙታል። አንደኛው ሄማቶክሪት ነው፤ ከደሙ ውስጥ የቀይ ሴሎች ድርሻ ስንት በመቶ እንደሆነ ይናገራል። ቴስቶስትሮን ቀይ ሴሎችን ያበዛል፤ ከልክ ሲያልፍ ደሙ ይወፍራል፤ የመርጋት ስጋትም ይመጣል። የኢንዶክራይን ሶሳይቲ የ2018 መመሪያ ሄማቶክሪቱ ከ48 በመቶ በላይ፣ ከፍታ ቦታ ለሚኖር ደግሞ ከ50 በመቶ በላይ ለሆነ ሰው ሕክምናው እንዳይጀመር ይመክራል።

ይህ «ከፍታ» የሚለው ቃል እኛን ይነካናል። ግን በሰሜን ተራሮች በ3,530 ሜትር ላይ በሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ላይ እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ ጥናት የወንዶቹ ሄሞግሎቢን በአማካይ 15.9 እንደሆነ፣ ማለትም በባሕር ጠለል ከሚኖሩ ሰዎች ልክ እንዳልወጣ አሳይቷል። እንግዲያው «የደጋ ሰው ስለሆንኩ ነው» ብሎ ከፍ ያለን ቁጥር መናቅ አይገባም።

ሁለተኛው ፒኤስኤ የሚባለው የፕሮስቴት ዕጢ ምርመራ ነው፤ በተለይ ዕድሜያቸው ከአርባና ከሃምሳ ላለፉ። የፕሮስቴት ወይም የጡት ካንሰር ያለበት፣ ፒኤስኤው ከ4 በላይ ሆኖ ገና ያልተጣራ፣ ባለፉት 6 ወራት የልብ ድንገተኛ ሕመም ወይም ስትሮክ የደረሰበት፣ በሕክምና ያልተያዘ ከባድ የእንቅልፍ ትንፋሽ መቆራረጥ ያለበት ሰው እንዲጀምር አይመከርም።

ከተጀመረ በኋላ ከ3 እስከ 6 ወር ባለው ጊዜ ቴስቶስትሮኑም ሄማቶክሪቱም ይታያሉ፤ ከዚያም በየዓመቱ። ሄማቶክሪቱ ከ54 በመቶ ካለፈ መድኃኒቱ ይቆማል፤ ሲወርድም በአነስተኛ መጠን ሊጀመር ይችላል። ፒኤስኤ በአንድ ዓመት ውስጥ ከ1.4 በላይ ከጨመረና በድጋሚ ምርመራ ከተረጋገጠ የዩሮሎጂ ሐኪም ያየዋል። በረመዷን ከሰዓት በኋላ ተጠምቶ የዋለ ሰው ደሙ ስለሚከማች ሄማቶክሪቱ ከእውነተኛው ከፍ ብሎ ሊታይ እንደሚችልም ለሐኪሙ ያስታውስ።

ደሙ የሚቀዳበት ቀን እንደ መድኃኒቱ ዓይነት ይለያያል። በየሳምንቱ ወይም በየሁለት ሳምንቱ የሚወጋው መርፌ ከሆነ በሁለቱ መርፌዎች መካከል ነው። በተወጋ ማግስት ቢመረመር የበዛ፣ በመጨረሻው ቀን ቢመረመር ያነሰ ይመስላልና። ከ10 እስከ 14 ሳምንት የሚቆየው ረጅሙ መርፌ ከሆነ ቀጣዩ ከመወጋቱ በፊት ነው። በቆዳ ላይ የሚቀባው ጄል ከሆነ ቢያንስ ለአንድ ሳምንት ከተጠቀመ በኋላ፣ በተቀባ ከ2 እስከ 8 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው፤ ደሙም ጄል ካልነካው ቦታ ይቀዳል። ግቡ የጤናማ ሰው መካከለኛ ልክ ላይ መድረስ ነው እንጂ ከሁሉ በላይ መሆን አይደለም።

ይህ ጥንቃቄ ዋጋ እንዳለው እ.ኤ.አ. በ2023 ውጤቱ የታተመው ትራቨርስ የተባለ ጥናት ያሳያል። የልብ ሕመም ወይም ስጋቱ ያለባቸው፣ ዕድሜያቸው ከ45 እስከ 80 የሆነ ከ5,200 በላይ ወንዶች የተሳተፉበት ነው። ሁሉም ቴስቶስትሮናቸው ሁለት ጊዜ ተለክቶ ከ300 በታች የተገኘ ነበሩ፤ የጄሉም መጠን በደም ምርመራ እየታየ ከ350 እስከ 750 መካከል እንዲሆን ይስተካከል ነበር። በዚህ ሁኔታ የከባድ የልብ ሕመምና የስትሮክ ቁጥር መድኃኒት ካልወሰዱት ጋር ሲነጻጸር አልበለጠም። ነገር ግን የልብ ምት መዛባት፣ የኩላሊት ጉዳትና ወደ ሳንባ የሚሄድ የደም መርጋት በመድኃኒቱ ወገን በዝቶ ታይቷል። እንግዲህ የተገኘው እፎይታ ለተመረመረና ክትትል ለተደረገለት ሰው ነው፤ ያለ ምርመራ ለሚወጋ ሰው ማስረጃ አይሆነውም።

አሁን ወደ ጾሙ ጥያቄ

ለምርመራ ደም መቀዳት ጾም አያፈርስም። በሒጃማ ጉዳይ የሻፊዒ፣ የሐነፊና የማሊኪ መዝሀቦች ጾም አያፈርስም ብለዋል፤ ለላቦራቶሪ የሚወሰደው ጥቂት ሚሊሊትር ደግሞ ከዚያ ያነሰ ነው። በጡንቻ የሚወጋ የሕክምና መርፌና በቆዳ የሚሰርግ ቅባት ጾም እንደማያፈርሱ በጂዳ የሚገኘው ዓለም አቀፍ የኢስላም ፊቅህ አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ1997 (1418 ሂጅሪ) ባሳለፈው ውሳኔ ገልጿል። ስለዚህ ቀኑ የደረሰ መርፌን ለጾም ብሎ ማዘግየት አያስፈልግም፤ ቢዘገይም የደም ምርመራው ቀን ይዛባል።

በአፍ የሚወሰደው እንክብል ግን እንደማንኛውም የሚዋጥ ነገር ጾም ያፈርሳል። እርሱ በቀን ሁለት ጊዜ ከምግብ ጋር የሚወሰድ ስለሆነ ከሱሑርና ከኢፍጧር ጋር እንዲሆን ከሐኪም ጋር መስማማት ይቻላል።

ጄል የሚጠቀም ሰው የጀናባ ጉስሉን አስቀድሞ ጨርሶ፣ ገላውን አድርቆ ይቀባ፤ ከተቀባ በኋላ እንደ መድኃኒቱ ዓይነት ከ2 እስከ 5 ሰዓት አካሉን አይታጠብ። በትከሻ ላይ የሚቀባው ዉዱእ ከሚደርስበት ቦታ በላይ ስለሆነ ሶላቱን አያውክበትም። ጄሉ አልኮል ስላለበት የሚጨነቅ አለ፤ አብዛኞቹ የዘመናችን ዑለማኦች ለውጭ አካል ሕክምና መጠቀሙን ይፈቅዳሉ። ልቡ ያልረጋ ሰው ግን መርፌውን መምረጥ ይችላል።

ከዚህ ጋር ለእናቶች የምንለው አለ። የተቀባ ቆዳ ሕፃን ቢነካው ሆርሞኑ ወደ ሕፃኑ ይሻገራል፤ ያለ ዕድሜው የጉርምስና ምልክት የታየባቸው ልጆች ነበሩና የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2009 በመድኃኒቱ ላይ ከፍተኛው ማስጠንቀቂያ እንዲጻፍ አዟል። ነፍሰ ጡር ሴትም መራቅ አለባት። አባት ተቀብቶ እጁን በሳሙና ይታጠብ፤ ሲደርቅም በልብስ ይሸፍነው፤ ልጁን ከዚያ በኋላ ይቀፍ።

በመጨረሻም ሕክምና መፈለግ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ያበረታቱት ነው፤ አያሳፍርም። ቴስቶስትሮኑ በእውነት ያነሰ ሰው ታክሞ ብርታቱና የቤቱ ሰላም ሲመለስለት እኛም ደስ ይለናል። የምንለው ይህን ብቻ ነው፦ ወደ ሐኪም ስትሄዱ የሁለቱን ጠዋት ውጤት ከነሰዓቱ ያዙ፤ ምክንያቱን ጠይቁ፤ ልጅ የምትፈልጉ ከሆነ አስቀድማችሁ ተናገሩ፤ መድኃኒቱን ከጀመራችሁ የሚቀጥለውን የደም ምርመራ ቀን ሳትይዙ ከክሊኒኩ አትውጡ። ወረቀቶቹን ሁሉ በአንድ ማህደር አስቀምጡ፤ ሚስትም የት እንዳለ ትወቅ።

አላህ ጾማችንን ይቀበለን፤ የታመሙትንም ያሽርልን። አሚን።